በዕዳ የተያዘ ፈረስም ይበላል፦ ለሕግ አርቃቂዎችና ለባለ ጋጣዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በእንስሳት ላይ የሚጣል የዕዳ መያዣን ሕግ ለምታረቁና ለምታሻሽሉ፤ እንዲሁም የሰው ፈረስ በማሳደር፣ በመቀለብና ድንጉላ በማቅረብ ለምትተዳደሩ ሁሉ።

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የጋጣ ሒሳብ በመያዝ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ያልተከፈለ ቀለብ በደብተር ላይ ሲጠራቀም ምን እንደሚያስከትል አውቀዋለሁ።

ፈረስ አሳድሮ ገንዘቡ የቀረበት ሰው ክፍያው እስኪገባ ድረስ ፈረሱን ይዞ የማቆየት መብት በብዙ ቦታ ሕግ ሰጥቶታል። ድንጉላውን አቅርቦ የሰው ባዝራ ያስጠቃ ሰውም በብዙ ሕጎች ተመሳሳይ መብት አለው። ይህ መብት ይነሳ አልልም። ቢነሳ ማንም ባለ ጋጣ የማያውቀውን ሰው ፈረስ ተቀብሎ በዱቤ አይቀልብም። የምጠይቀው ሕጉ አንድ ነገር እንዲያስታውስ ብቻ ነው፤ መያዣው በየቀኑ ይበላል።

ሒሳቡን እንሥራው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ገደማ ይበላል። 10 ኪሎ ያህል ድርቆሽና መኖ ማለት ነው። ውሃው ከ20 ሊትር ይጀምርና በሙቀት ቀን 50 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት አለበት። የትል መድኃኒት አለ፣ ክትባት አለ፣ ጥርስ ማስተካከል አለ፣ ፍግ መጥረግ አለ። ጋራዥ ውስጥ የተያዘ መኪና ቢበዛ አቧራ ይለብሳል እንጂ ማታ ራት አምጡ አይልም። ፈረስ ግን ባደረ ቁጥር የተያዘበትን ዕዳ ራሱ ያሳድገዋል። በዚያ ላይ ሳይጋለብና ሳይሠለጥን የከረመ ፈረስ ዋጋው ይወርዳል። ዕዳው ሽቅብ፣ ዋጋው ቁልቁል። አንድ ቀን ይተላለፋሉ። ከዚያ ወዲያ ባለ ጋጣው በእጁ ያለው መያዣ ሳይሆን ሌላ ወጪ ነው።

ሕጉ ይህን ለማየት ለምን እንደዘገየ ለመረዳት የእንግሊዝን የድሮ ፍርዶች ማየት ጥሩ ነው። እዚያ የፍርድ ቤቶች መነሻ ሐሳብ፣ ጉልበቱንና ሙያውን አፍስሶ የሰው ንብረት ያሻሻለ ሰው ንብረቱን እስኪከፈለው ይይዛል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ቤቫንና ዋተርስ በተባሉ ተከራካሪዎች ጉዳይ የፈረስ አሠልጣኝ ይህ መብት አለው ተባለ። ያልሠለጠነ ተረክቦ የሠለጠነ መለሰ፤ አሻሻለው። በ1838 ደግሞ ስካርፍና ሞርጋን በባዝራ ተካሰሱ። ድንጉላ ያቀረበው ሰው ባዝራዋን የማስጠቂያ ክፍያው እስኪገባ ይዞ ማቆየት ይችላል ተባለ። አርግዛ ትመለሳለችና እሷም እንደተሻሻለች ተቆጠረ። ከዚህ ክርክር ፈገግ የሚያሰኘኝ ነገር አለ። ባለ ባዝራው ሥራው የተሠራው እሑድ ቀን ስለሆነ ውሉ ሕገ ወጥ ነው ብሎም ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሥራው አንዴ ተሠርቷል፤ መያዣው ይጸናል አለ።

ታዲያ ቀላቢውስ? በ1839 በጃክሰንና በከሚንስ ጉዳይ እንስሳ በግጦሹ ያሰማራ ሰው የመያዝ መብት የለውም ተባለ። ከዚያ በፊትም በ1833 ፈረስ የሚያሳድሩ ባለ ጋጣዎች ተመሳሳይ መልስ አግኝተው ነበር። ምክንያቱ ቀላቢ አላሻሻለም፣ ያለውን ጠበቀ እንጂ፣ የሚል ነው። እኔ ይህን ሐሳብ ተቀብዬው አላውቅም። ሳይበላ የሚሮጥ ፈረስ እስካሁን አላየሁም። አሠልጣኙ ያሻሻለው ፈረስ በሕይወት የቆየው በቀላቢው ድርቆሽ ነው። ግን ፍርዱ ይህ ነበር፤ ባለ ጋጣ መያዣ ከፈለገ በውል ላይ ያጽፍ ተባለ።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግን የተለየ ነበር። መንገደኛን የመቀበል ግዴታ ስላለበት የእንግዳውን ፈረስ በዕዳ መያዝ ይችል ነበር። በ1878 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ እንዲያውም 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ከአንድ ወር በፊት በጋዜጣ አስነግሮ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቀደለት። በ1956 በወጣው የሆቴል ባለቤቶች ሕግ ደግሞ ተሽከርካሪን፣ ፈረስንና ሌላ ሕያው እንስሳን በዕዳ የመያዝ መብቱ ተነሳ። በዚያን ጊዜ በፈረስ የሚመጣ እንግዳ ስንት እንደቀረ መገመት ይቻላል።

በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ክፍተቱን የሞሉት ሕግ አውጪዎች ናቸው። የቴክሳስ የንብረት ሕግ ለጥበቃ እንስሳ የተተወለት ባለ ጋጣ በእንስሳው ላይ የመያዣ መብት አለው ይላል። የግጦሽ መሬት ባለቤትና ተከራይም እንዲሁ። የኬንታኪ ሕግ ደግሞ ለባለ ጋጣና ለቀላቢ ተገቢ ለሆነው ክፍያ የአንድ ዓመት መያዣ ይሰጣል። የሕጉን ቃል ብቻ ያነበበ ሰው ግን ስለ ከብት እንጂ ስለ ፈረስ የሚናገር አይመስለውም። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በዚያ ግዛት ሕግ ትርጓሜ «ከብት» ውስጥ ተጠቃልለዋል። የዓለም ስመ ጥር የእሽቅድምድም ፈረሶች የሚወለዱበት ግዛት ፈረሱን ከብት ብሎ መጥራቱ ለእኔ ሁሌም ይገርመኛል።

መብቱ ስለተሰጠ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ጊዜውን ተመልከቱ። በቴክሳስ ባለ ጋጣው ክፍያው ከደረሰ በኋላ ፈረሱን 60 ቀን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ባለቤቱን ክፈል ብሎ ይጠይቃል። በ10 ቀን ካልተከፈለ የ20 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ በሕዝብ ሐራጅ ይሸጣል። ሁሉም ነገር ሳይዛነፍ ቢሄድ 3 ወር ነው። በቀን 10 ኪሎ ካልን ፈረሱ በዚህ መሀል 900 ኪሎ መኖ ይጨርሳል። ይህን የሚከፍለው ቀድሞውንም ያልተከፈለው ሰው ነው። መኖ ሻጩ ደግሞ 60 ቀን አይጠብቅም።

ባለቤቱም ጊዜ ይገባዋል፣ ይህን አልክድም። ሰው ይታመማል፣ ሥራ ያጣል፣ ደብዳቤ ሳይደርሰው ይቀራል። ፈረሱ የልጁ ሊሆን ይችላል። ያለ ፍርድ ቤት ሽያጭ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የመጋዘን ባለቤት በዕዳ የያዘውን የሰው ዕቃ ራሱ ለመሸጥ መነሳቱ የመንግሥት ድርጊት አይደለም ብሎ ወስኗል። ሕገ መንግሥቱ በዚህ ረገድ የሚገድበው መንግሥትን ነውና ከዚያ ወዲህ ባለ ዕዳው «ሳልሰማ ተሸጠብኝ» ብሎ ሕገ መንግሥቱን መጥቀስ ከብዶታል። ጥበቃ ከተፈለገ በራሱ በመያዣው ሕግ ውስጥ መጻፍ አለበት። ካሊፎርኒያ ይህን ለማድረግ ሞክራለች። ለእንስሳት አገልግሎት የተለየ የመያዣ ሕግ አላት። ሽያጩም ከሁለት አንዱን ይፈልጋል፤ ወይ ፍርድ ቤት ይፈቅዳል፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ፈርሞ ይለቃል።

እኔ የካሊፎርኒያው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዳኛው ቶሎ ከደረሰ። ካልደረሰ ግን የቴክሳሱ 3 ወር ይሻላል። የምጠይቃችሁም እነዚህን ሁለቱን እንድታጋቡ ነው። የእንስሳ መያዣ አቤቱታ ከተራው የገንዘብ ክስ ወረፋ ወጥቶ በሳምንታት ውስጥ ይታይ። ዳኛው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄም «ማን ልክ ነው» ሳይሆን «ፈረሱን ከዛሬ ጀምሮ ማን ይቀልበዋል» የሚለው ይሁን። ባለቤቱ ገንዘቡን በፍርድ ቤት አስይዞ ፈረሱን ይውሰድና ክርክሩ በገንዘቡ ላይ ይቀጥል። ማስያዝ ካልቻለ ይሸጥና ዋጋው ይቀመጥ። በሁለቱም መንገድ ፈረሱ ከጠቡ ወጣ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? እዚህ ግን የሁለት ሰዎች ጠብ በሱ ጀርባ ላይ ነው የሚካሄደው።

አሁን ወደ ድንጉላው ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ባዝራ የምታረግዘው ለ11 ወር ገደማ ነው። ብዙዎቹ የማስጠቂያ ውሎች ደግሞ ክፍያውን ከውርንጭላው መወለድ ጋር ያያይዙታል፤ ተወልዶ፣ በእግሩ ቆሞ፣ ጡት ሲጠባ። ይህ ለባለ ባዝራው ፍትሐዊ ነው። ባትይዝ ወይም ቢጨነግፍባት ለምን ይከፍላል? ግን ባለ ድንጉላው ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ዱቤ ሰጠ ማለት ነው። በዚህ መሀል ባዝራዋ ቤቷ ገብታለች። ምናልባትም ተሽጣለች።

ስለዚህ ሕጎቹ መያዣውን ከያዢው እጅ አውጥተው ውርንጭላው ላይ ተከሉት። በቴክሳስ ድንጉላ፣ ወንድ አህያ፣ ኮርማ ወይም አውራ አሳማ ለጥቅም የሚያቀርብ ሰው በሚወለደው ልጅ ላይ መያዣ አለው። መያዣው ከልደት ጀምሮ 10 ወር ይቆያል፤ ግን የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ሳያልፉ ሊያስፈጽመው አይችልም። ሕጉ ምክንያቱን አይናገርም። እንደኔ ግን ውርንጭላው ከእናቱ ጡት እንዳይነጠል ነው። ውርንጭላ ጡት የሚጥለው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነውና ቁጥሩ ይገጥማል። እነሆ ቀነ ገደቡን ከእንስሳው ተፈጥሮ የቀዳ አንቀጽ! በዚያው ግዛት የባለ ጋጣው 60 ቀን ለምን እንዲህ እንዳልታሰበበት ይገርመኛል። በኬንታኪ የድንጉላው መያዣ ከልደት በኋላ አንድ ዓመት ይቆያል። በካሊፎርኒያ በእናቲቱም በልጇም ላይ ያርፋል።

የቴክሳስም የካሊፎርኒያም ሕግ በዚህ መብት ላይ አንድ ቅጣት አስቀምጠዋል። ባለ ድንጉላው ስለ ፈረሱ የዘር ሐረግ ከዋሸ መያዣውን ያጣል። ይህን አንቀጽ ማንም እንዳይነካው። ሰው የሚከፍለው ለዘሩ ነው። ዘሩ ሐሰት ከሆነ የሚያዝ ነገር የለም።

እነዚህ ሕጎች ሲጻፉ ግን ባዝራዋ በእግሯ ወደ ድንጉላው ትሄድ ነበር። ዛሬ በብዙ ዝርያዎች የሚጓዘው የድንጉላው ዘር ነው። ቀዝቅዞ በሳጥን በማግስቱ ይደርሳል፤ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ቶሮብሬድ የተባለው የእሽቅድምድም ዝርያ ምዝገባ ግን ሰው ሠራሽ ማዳቀልን አይፈቅድም። ታዲያ ባዝራዋን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ባለ ድንጉላ ምን ይይዛል? ውርንጭላው የሚወለደው በሌላ ግዛት፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ነው። የማን ሕግ ይሠራል? መያዣውስ የት ይመዘገባል? ብዙዎቹ አንቀጾች ለዚህ መልስ የላቸውም።

ክፍተቱን የሞላው ወረቀት ነው። ውርንጭላ በዝርያ መዝገብ እንዲገባ ድንጉላው ይህችን ባዝራ አጥቅቷል የሚል የምስክር ወረቀት ከባለ ድንጉላው ያስፈልጋል። ቶሮብሬድን የሚመዘግበው የአሜሪካው ጆኪ ክለብም፣ ኳርተር የተባለውን ዝርያ የሚመዘግበው ማኅበርም ይጠይቁታል። ባለ ድንጉላው ደግሞ ገንዘቡ ሳይገባ አይሰጥም። ያለ ወረቀት የቀረ የእሽቅድምድም ዝርያ ውርንጭላ ዋጋው ምን ያህል እንደሚያሽቆለቁል ለዚህ ደብዳቤ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። እውነቱን ለመናገር ከየትኛውም የሕግ መያዣ ይበልጥ የሚሠራው ይህ ነው። ደግሞ አይበላም! ቅሬታዬ ዳኛ የሌለው መሆኑ ላይ ነው። ባለ ባዝራው ከፍያለሁ ቢል፣ ወይም ውርንጭላው ታሞ ተወለደ ብሎ ቢከራከር፣ ወረቀቱ በአንዱ ወገን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የሽያጭ ወቅትም ያልፋል። የተከራከረበትን ገንዘብ በገለልተኛ እጅ ላስቀመጠ ሰው ወረቀቱ እንዲለቀቅ ሕግ ቢያዝ ብዙ ጠብ ይበርዳል።

ስለ ባንክም አንድ ቃል። ፈረሱ የተገዛው በብድር ሊሆን ይችላል፤ አበዳሪውም መያዣ አስመዝግቧል። በአሜሪካ የተዋሃደው የንግድ ሕግ አንቀጽ 9-333 ንብረቱን በእጁ ይዞ አገልግሎት የሰጠ ሰው መያዣውን የሰጠው ሕግ ሌላ ካላለ በቀር ከአበዳሪው ይቀድማል ይላል። ትክክል ነው፤ ፈረሱን በሕይወት ያቆየው ባንኩ አይደለም። ግን ቅድሚያው የተንጠለጠለው «በእጁ ይዞ» በሚለው ላይ ነው። ደግ ባለ ጋጣ «ለውድድር ውሰደው፣ ሰኞ ትመልሰዋለህ» ብሎ ከለቀቀ ቅድሚያውን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህ አዲስ ወጥመድም አይደለም። በ1849 በእንግሊዝ በፎርዝና በሲምፕሰን ጉዳይ አንድ አሠልጣኝ መያዣውን ያጣው ባለቤቱ ፈረሱን በፈለገ ጊዜ ወደ ውድድር መውሰድ ስለሚችል ነበር። ፈረሱን ለውድድር የሚያሳድር ሰው ፈረሱን አትልቀቅ መባሉ ሥራህን አትሥራ እንደ መባል ነው። በስምምነት ለአጭር ጊዜ የወጣ ፈረስ መያዣው አብሮት እንዲወጣ ብትጽፉ ምን ችግር አለው?

ለእናንተ ለባለ ጋጣዎችም የምለው አለ፤ ቅር አትሰኙ። መያዣውን እንደ ማስፈራሪያ የምትይዙ አላችሁ። የሁለት ወር ቀለብ ቀረ ብላችሁ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ የሰውየውን ሌላ ፈረስ ጭምር ትቆልፋላችሁ። ብዙዎቹ ሕጎች የሚሰጧችሁ መያዣ ያ ፈረስ ራሱ ላመጣው ዕዳ ብቻ ነው። የዚህን ዕዳ በዚያ መያዝ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የተያዘ ፈረስ ቀለብ ሲቀነስበትም አይቻለሁ። ባለቤቱ አልከፈለም ብሎ ማስራብ በየትኛውም መያዣ አይፈቀድም። በብዙ ቦታ እንዲያውም የወንጀል ጉዳይ ነው፤ የሚከሰሰውም ያልከፈለው ሳይሆን የያዘው ነው።

ደግሞ ዋጋ የሌለው ፈረስ አለ። ፈረስ 25፣ 30 ዓመት ይኖራል። 24 ዓመት የሞላውን፣ የሚያነክሰውን፣ ባለቤቱ ስልክ ማንሳት ያቆመበትን ማን በሐራጅ ይገዛዋል? ባለ ጋጣው የሚፈልገው ገንዘቡን አይደለም፤ እሱን ተስፋ ቆርጦበታል። ፈረሱን ለሚንከባከብ ሰው በሕጋዊ መንገድ ማስተላለፍ ነው የሚፈልገው። የሐራጅ ሥርዓቱ ግን ለውድድር ፈረስም ለሽማግሌውም አንድ ነው። ወጪው ከፈረሱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙዎች ሥርዓቱን ዘለው ዝም ብለው ለሰው ይሰጡታል፤ ከዓመት በኋላ ባለቤቱ ብቅ ሲል ክስ ይከተላል። ዋጋው ከተወሰነ መጠን በታች መሆኑን የእንስሳት ሐኪም ያረጋገጠለት ፈረስ፣ በማስታወቂያና በአጭር ቀን፣ ያለ ሐራጅ ስሙ የሚዞርበት አንቀጽ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ባለ ጋጣዎች ውል ጻፉ። ከአንድ ወር ቀለብ የማያንስ ቅድሚያ ተቀበሉ። ፈረሱ ሲገባ ፎቶ አንሱት፣ ክብደቱን ገምቱ፣ የማይክሮቺፕ ቁጥሩን መዝግቡ። ያመጣው ሰው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ ብላችሁ ጠይቁ፤ በሰው ፈረስ ላይ የሌላ ሰው ዕዳ መያዝ በየአገሩ የተለያየ መልስ አለው። ክፍያ በዘገየ በሁለተኛው ሳምንት እንጂ በስድስተኛው ወር አትጻፉ። ይሉኝታችሁን አውቃለሁ። ሰውየው ወዳጅ ነው፣ ልጆቹ ፈረሱን ይወዱታል፣ «የሚቀጥለው ወር» ይላል። ግን የስድስት ወር ዕዳ የሚከፍል ሰው ብርቅ ነው፤ የሁለት ሳምንቱን ግን ብዙው ይከፍላል።

ሕግ አርቃቂዎች ሆይ፣ ረቂቁን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለ ጋጣ፣ ባለ ድንጉላና የእንስሳት ሐኪም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በያንዳንዱ ቀነ ገደብ ትይዩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈረሱ የሚበላውን ኪሎ ጻፉ፤ ማን እንደሚከፍለውም ጨምሩበት። መልስ ያላገኛችሁለት ቀነ ገደብ ካለ አሳጥሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋጣ ሒሳብ ሠራተኛ